ፑንጃብኛ ከየት መጣ? ተናጋሪዎቹስ?

ጥያቄ፦ «ሻርጃ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ ፓኪስታናዊ ነው፤ ከላሆር። ሌላው የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ ህንዳዊ ነው፤ ከአምሪትሳር። ሁለቱ ሲያወሩ አንድ ሰፈር ያደጉ ነው የሚመስሉት። ቋንቋቸው ፑንጃብኛ ይባላል። ስልካቸው ላይ ሲጽፉ ግን አንዱ ዐረብኛ በሚመስል ፊደል፣ ሌላው ጨርሶ በማላውቀው ፊደል ነው። ባለፈው ተከራከሩ። የላሆሩ "ቋንቋችን የሐረፓ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ ከሳንስክሪት ይቀድማል" አለ። የአምሪትሳሩ ደግሞ "የለም፣ የሳንስክሪት ልጅ ነው" አለው። ማን ነው ልክ? ሕዝቡስ ከየት የመጣ ነው?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ቋንቋው ከየት መጣ የሚል ነው። ሌላው ሰዎቹ ከየት መጡ የሚል። ባልደረቦችዎ ያልተግባቡት ሁለቱን እንደ አንድ ስለያዙ ይመስለኛል። መልሳቸው ግን የተለያየ ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎት። የፑንጃብ ሕዝብ የዘር ግንድ በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ነባር ነው። ሐረፓንና መሰል ጥንታዊ ከተሞችን ከሠሩት ሰዎች ይወርዳል። ቋንቋው ግን ከእነዚያ ከተሞች ውድቀት በኋላ፣ በመካከለኛው እስያ በኩል በገቡ ሰዎች አፍ የመጣ ነው። ከጥንቱ የህንድ የሊቃውንት ቋንቋ፣ ከሳንስክሪት ጋርም የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ የላሆሩ ስለ ሰዎቹ ቢናገር ልክ ይሆን ነበር። የአምሪትሳሩ ስለ ቋንቋው የተናገረው ለእውነት ይቀርባል፤ ትንሽ ማረም ቢያስፈልገውም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ግሥን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የማስቀመጥ ልማዱን ግን ብዙ የሥነ ልሳን ምሁራን ከኩሽ ቋንቋዎች ያገኘው ነው ይላሉ። ሰው አገሩን ሳይለቅ ቋንቋ ይቀይራል። ሲቀይርም የድሮውን አነጋገሩን ይዞ ይገባል። ፑንጃብም የሆነው ይኸው ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ዓ.ዓ.» ስል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ስለ አገሩ። ፑንጃብ የፋርስ ስም ነው፤ አምስት ውኃ ማለት ነው። ውኆቹ ጄህለም፣ ቸናብ፣ ራቪ፣ ቢያስና ሱትሌጅ ናቸው። አምስቱም ከሂማላያ በኩል ወርደው በመጨረሻ ኢንደስ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። ወንዞቹ ያመጡት ደለል አገሩን የእህል ጎተራ አድርጎታል። ከአፍጋኒስታን በኩል በኻይበር በር የሚገባ ሁሉ ወደ ዴልሂ የሚያልፈውም በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። የአገሩ ታሪክ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች አይወጣም። መሬቱ ሰውን ያስቀራል፤ መንገዱ ሌላ ሰው ያመጣል።

ስለ ኢንደስ አንድ ነገር ልጨምር። ወንዙን የጥንት ነዋሪዎቹ «ሲንዱ» ይሉት ነበር። ፋርሶች የቃል መነሻ «ስ»ን ወደ «ህ» ስለሚለውጡ «ሂንዱ» አሉት። ግሪኮች ከፋርሶች ወስደው «ህ»ውን ጣሉና «ኢንዶስ» አሉት። «ኢንዲያ» የመጣው ከዚያ ነው። እኛ «ህንድ» የምንለው ደግሞ በፋርሶቹ በኩል የመጣውን ነው። የወንዙ አብዛኛው ክፍል ግን ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ይገኛል።

አሁን ወደ ሐረፓ። ሐረፓ የሚገኘው ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ ነው፤ ራቪ ወንዝ በድሮ ጊዜ ይፈስበት በነበረ ቦታ። ከ2600 እስከ 1900 ዓ.ዓ. ድረስ ትልቅ ከተማ ነበር። የተቃጠለ ጡብ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ አንድ ወጥ የሆነ የመመዘኛ ድንጋይ ነበራቸው። ጥጥም ይፈትሉ ነበር። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን ከላሆር ወደ ሙልታን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ የከተማዋን ጡብ እየነቀሉ ለሐዲዱ መደልደያ አደረጉት። ቦታው ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ዳያ ራም ሳህኒ የተባለ ህንዳዊ አርኪዮሎጂስት ቁፋሮ የጀመረው በ1921 ነው። ግኝቱ ለዓለም የተነገረው በ1924 ነው። ያን ሁሉ ጡብ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ምን ያህል ጽሑፍ አብሮ እንደጠፋ ማን ያውቃል።

ጽሑፍ ያልኩት በምክንያት ነው። የሐረፓ ሰዎች ምልክቶች ነበሯቸው። በትንንሽ የድንጋይ ማኅተሞች ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። የተለያዩት ምልክቶች 400 ገደማ ናቸው። ችግሩ ጽሑፎቹ እጅግ አጫጭር መሆናቸው ነው። በአማካይ አምስት ምልክት ያህል ብቻ ናቸው። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንድም ሰነድ አልተገኘም። የግብፅን ሂሮግሊፍ ለማንበብ የረዳው እንዲህ ዓይነት ሰነድ ነበር። ስለዚህ የሐረፓን ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያነበበው የለም። «አነበብኩት» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሌሎች ምሁራንን ያሳመነ ግን አልተገኘም።

አንድ የሚያስቆጭ ማስረጃ አለ። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ከመስጴጦምያ የመጣ አንድ ማኅተም ይገኛል። በአካድ ነገሥታት ዘመን የተቀረጸ ነው፤ ዕድሜው ከአራት ሺህ ዓመት ይበልጣል። የባለቤቱ ስም ሹ-ኢሊሹ ነው። ሥራው «የመሉሃ ቋንቋ አስተርጓሚ» ተብሎ ተጽፎበታል። አብዛኞቹ ምሁራን መሉሃ የሚባለው የኢንደስ ሸለቆ አገር እንደሆነ ይስማማሉ። ስለዚህ በዚያ ዘመን የሐረፓን ሰዎች ቋንቋ የሚያስተረጉም ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ሰውየው የተወልን ግን ስሙንና ሥራውን ብቻ ነው።

የሐረፓ ሰዎች ምን ይናገሩ ነበር? የደቡብ ህንድ ቋንቋዎች ከሆኑት ከእነ ታሚል ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ። ከምሥራቅ ህንዶቹ የሙንዳ ቋንቋዎች ጋር የሚያያይዙት አሉ። ዘር ሳይተካ የጠፋ ቋንቋ ነው የሚሉም አሉ። አገሩ ሰፊ ስለነበር ከአንድ በላይ ቋንቋ ይነገርበት ነበር ብሎ ማሰብም ያስኬዳል። የዛሬው ፑንጃብኛ ግን ከየትኛውም ቢሆን በቀጥታ አልወረደም። ይህን እንዴት እናውቃለን? ከራሱ ከቋንቋው ውስጥ።

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። በፑንጃብኛ አምስት «ፐንጅ» ነው። በሳንስክሪት «ፐንቸ»፣ በፋርስ «ፐንጅ»፣ በግሪክ «ፔንቴ» ነው። የግሪኩን ያውቁታል። በዓለ ጴንጤቆስጤ ስሙን ያገኘው ከግሪክኛው «ሃምሳኛ» ነው፤ ሃምሳ ደግሞ በግሪክ ከአምስት ነው የሚወጣው። ሰባት በፑንጃብኛ «ሰት» ነው፤ መጨረሻ ያለው «ት» ይጠብቃል። በሳንስክሪት «ሰፕተ»፣ በላቲን «ሴፕቴም» ነው። ሴፕቴምበር በጥንቱ የሮማውያን ዘመን አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ነበር።

«ታዲያ የእኛስ ሰባት?» ይሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። «ሰባት» እና «ሴፕቴም» በጣም ይመሳሰላሉ። አማርኛ ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ አይደለም። በአንድ ቃል መመሳሰል ዝምድና አይመሠረትም። ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩት «ይህ ቋንቋ የዚያ እናት ነው» የሚሉ ዝርዝሮች ሁሉ መሠረታቸው ይኸው ነው። ዝምድና የሚረጋገጠው ድምፆቹ በሕግ ሲገጥሙ ነው። አንዱ ድምፅ በአንድ ቃል ውስጥ ከተለወጠ፣ በመቶዎቹ ቃላት ውስጥም በዚያው መንገድ መለወጥ አለበት። ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአካል ስም፣ የዘመድ መጠሪያ፣ የግሥ እርባታ አብሮ መግጠም አለበት። ፑንጃብኛ ከሳንስክሪት፣ ከፋርስ፣ ከግሪክና ከላቲን ጋር የሚገጥመው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ኢንዶ-አውሮፓዊ በሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ የተመደበው።

ይህ ቤተሰብ ከአየርላንድ እስከ ቤንጋል ተዘርግቷል። እንዴት ተስፋፋ የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ባለፉት ዓመታት የዲኤንኤ ጥናት ብዙ ነገር ግልጽ አድርጓል። በ2019 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጥተዋል። አንደኛው የ523 ጥንታዊ ሰዎችን ዲኤንኤ የመረመረ ነው። ከጥቁር ባሕር ሰሜን ጀምሮ እስከ ካዛክስታን ከተዘረጋው የሣር ምድር የመጣ ዘር ወደ ደቡብ እስያ የገባው ከ2000 እስከ 1500 ዓ.ዓ. ባለው ጊዜ እንደሆነ አሳይቷል። ሁለተኛው የአንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ ራኪጋርሂ በተባለ የሐረፓ ሥልጣኔ ከተማ የተቀበረች ናት፤ ቦታው ዛሬ ህንድ ውስጥ ሃርያና በሚባለው ግዛት ነው። ሙቀቱ ዲኤንኤ ስለሚያበላሽ ከብዙ አጥንቶች መካከል በቂ ውጤት የተገኘው ከእሷ ብቻ ነበር። በእሷ ውስጥ ከሣር ምድር የመጣው ዘር የለም። የዛሬው የደቡብ እስያ ሕዝብ ግን ትልቁን የዘሩን ድርሻ የሚጋራው ከእሷ ዓይነት ሰዎች ጋር ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነቧቸው ሥዕሉ ይገጥማል። የሐረፓ ሰዎች አልጠፉም። አዲስ የመጡት አልተኳቸውም፤ ተቀላቀሏቸው። ዛሬ ፑንጃብ ውስጥ በሙስሊሙም፣ በሲኩም፣ በሂንዱውም ደም ውስጥ የሁለቱም ዘር አለ። ልዩነቱ የመጠን ነው።

«ወራሪዎች ከተሞቹን አፈረሱ» የሚል የቆየ ትረካም አለ። ሞርቲመር ዊለር የተባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በ1940ዎቹ ያስፋፋው ነው። ሞሄንጆዳሮ በተባለችው ሌላዋ የኢንደስ ሸለቆ ከተማ የተገኙ አፅሞችን የእልቂት ምልክት አድርጎ ተርጉሟቸው ነበር። በኋላ ሲመረመር አፅሞቹ የአንድ ቀን እልቂት ውጤት አለመሆናቸው ታወቀ። ከተሞቹ ወደ 1900 ዓ.ዓ. ገደማ የተዳከሙት ዝናቡ ስለቀነሰና ወንዞች አቅጣጫ ስለቀየሩ ነው የሚለው ዛሬ የተሻለ ማስረጃ አለው። እንግዶቹ ሲመጡ ትልልቆቹ ከተሞች አስቀድመው ተበትነዋል።

እነዚህ እንግዶች ከብት አርቢዎች ነበሩ። ፈረስና ባለ ሁለት ጎማ ሠረገላ ያውቃሉ። መዝሙሮቻቸው በኋላ ሪግቬዳ ተብለው ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ ምሁራን መዝሙሮቹ ከ1500 እስከ 1000 ዓ.ዓ. ባለው ጊዜ እዚያው ፑንጃብና አካባቢው ውስጥ እንደተደረሱ ያምናሉ። ወንዞቹን በስም ይጠሯቸዋል። ጄህለም «ቪተስታ» ነው። ራቪ «ፐሩሽኒ» ነው። ቢያስ «ቪፓሽ»፣ ሱትሌጅ «ሹቱድሪ» ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስሞች ከዛሬዎቹ ጋር ቢያስተያዩ ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላም ዘመድነታቸው ይታያል።

ህንድ ውስጥ «ቋንቋው ከውጭ አልመጣም፤ ከእኛ ወደ ውጭ ወጣ» የሚሉ አሉ። ስሜቱን እረዳለሁ። እንግሊዞች የወረራውን ትረካ ለራሳቸው አገዛዝ ማመካኛ አድርገውበት ነበር። ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በ14ኛው መቶ ዘመን ዓ.ዓ. ኪኩሊ የሚባል የፈረስ አሠልጣኝ ነበር። አገሩ ሚታኒ ነው፤ ዛሬ ሰሜን ሶርያ በሚባለው አካባቢ። የሥልጠና መመሪያው በሸክላ ላይ ተጽፎ ቱርክ ውስጥ በኬጢያውያን ዋና ከተማ ተገኝቷል። ፈረሶቹ የሚዞሩትን ዙር ሲቆጥር ለአምስት «ፐንዘ»፣ ለሰባት «ሰተ» ይላል። የሚታኒ ነገሥታትም ውል ሲዋዋሉ ሚትራን፣ ቫሩናንና ኢንድራን ይጠሩ ነበር። እነዚህ የሪግቬዳ አማልክት ናቸው። ይህን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ዘመን ወደ ሶርያም ወደ ፑንጃብም ሄደዋል ማለት ነው። መነሻቸው በመካከል፣ ወደ ሰሜን ነው።

አሁን የአምሪትሳሩን ሰውዬ እናርም። «የሳንስክሪት ልጅ» ሲል እኛ «አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው» እንደምንለው ነው። ነገሩ ለእውነት ይቀርባል፤ ግን ልክ አይደለም። የሥነ ልሳን ሰዎች አማርኛን ከግዕዝ ጋር እንደ ዘመዳሞች ነው የሚያዩዋቸው፤ አማርኛ ከግዕዝ በቀጥታ ተወለደ አይሉም። በፑንጃብም እንዲሁ ነው። በመጻሕፍት የምናውቀው ሳንስክሪት ሥርዓት የወጣለት የሊቃውንት ቋንቋ ነው። ሥርዓቱን ያወጣለት ፓኒኒ ነው። ወደ 4,000 የሚጠጉ አጫጭር ሕጎችን ጽፏል። የተወለደውም ከፑንጃብ ጫፍ ብዙ ሳይርቅ፣ ኢንደስ አጠገብ ነው። ዛሬም ያንን ሥራ ሳነብ ሰውዬው ያለ ወረቀት ይህን ሁሉ በአንድ ራስ እንዴት እንደያዘው ይገርመኛል። ሕዝቡ ግን የሚናገረው የየአካባቢውን ቋንቋ ነበር። እነዚህ የሕዝብ ቋንቋዎች ፕራክሪት ይባላሉ። ፑንጃብኛ የወረደው ከእነዚህ ነው።

ከየትኛው ፕራክሪት? ብዙ መጻሕፍት «ሻውራሴኒ» ከሚባለው ነው ይላሉ። እኔ አንዱን ብቻ አባት ማድረግ ያስቸግረኛል። ንጉሥ አሾካ በ3ኛው መቶ ዘመን ዓ.ዓ. በድንጋይ ላይ ያስጻፋቸው አዋጆች ከፑንጃብ ሰሜን ምዕራብ ይገኛሉ። በዚያ አካባቢ ሕዝቡ «ት» እና «ር»ን አጣምሮ የመናገር ልማዱን አልተወም። ምዕራባዊው ፑንጃብኛ ዛሬም ሦስትን «ትረይ» ይላል። ህንድኛ (ሂንዲ) ግን «ቲን» ይላል። ስለዚህ ምሥራቁ ከዴልሂ በኩል፣ ምዕራቡ ከኢንደስ በኩል የተሳበ ይመስላል። ፑንጃብ መንገድ ነው ብዬ የለ።

ፑንጃብኛ ከህንድኛና ከኡርዱ የሚለይበት ሁለት ነገር አለ። ሁለቱም የዕድሜው ምስክር ናቸው።

አንደኛው መጥበቅ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሌላ እንደሚሆን እናውቃለን። ሳንስክሪት «ከርመ» የሚለውን፣ ማለትም ሥራ፣ ፕራክሪት «ከመ» አለው፤ «መ» ጠብቆ። ፑንጃብኛ ጥብቀቱን እንደያዘ «ከም» ይላል። ህንድኛ ግን አላልቶ አናባቢውን አስረዘመና «ካም» አለ። ሰባትም እንደዚሁ ነው። ፑንጃብኛ «ሰት» ሲል ትው ይጠብቃል፤ ህንድኛ «ሳት» ብሎ ያላላዋል። ጥርስ በሳንስክሪት «ደንተ»፣ በህንድኛ «ዳንት»፣ በፑንጃብኛ «ደንድ» ነው። ስለዚህ ፑንጃብኛ በመጥበቁ ረገድ ከህንድኛ ይልቅ የድሮውን መልክ ይዟል። በነገራችን ላይ የሲኮቹ ፊደል ጥብቀትን የሚያሳይ ምልክት አለው፤ «አድክ» ይባላል። የእኛ ፊደል ያንን ቢኖረው ኖሮ ስንት የንባብ ችግር ይቀር ነበር።

ሁለተኛው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። በእኛ አገር ቤንችኛ ተናጋሪዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። በኢንዶ-አውሮፓ ቤተሰብ ውስጥ ግን ብርቅ ነገር ነው። «ኮራ» የሚለውን ይውሰዱ። በመካከለኛ ድምፅ ሲባል አለንጋ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ሲባል ፈረስ ነው። በከፍተኛ ድምፅ ሲባል ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ነው። ይህ ከየት መጣ? ድሮ ፈረስ የሚለው ቃል የሚጀምረው በ«ግ» ነበር፤ አብሮት ትንፋሽ የሚወጣበት «ግ»። ህንድኛ ዛሬም እንዲህ ይለዋል። ፑንጃብኛ ትንፋሹን ጣለው። ሲጥለው ግን የድምፁ ዝቅታ ቀረ። አጻጻፉ ታዲያ አልተለወጠም። የሲኮቹ ፊደል ፈረስን ዛሬም በድሮው «ግ» ይጽፈዋል። እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ድምፅ እያነበብን ለይተን እንደምንጽፈው ማለት ነው። ፊደሉ የሞተውን ድምፅ ያስታውሳል።

ከነባሩ ሕዝብ ቋንቋስ ምንም አልቀረም? ቀርቷል ብዬ አምናለሁ። ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ የሚነገሩ ድምፆች አሉ። በፑንጃብኛ ሞልተዋል፤ «ኮራ» ውስጥ ያለው «ር» ራሱ እንደዚያ ነው። የቅርብ እህቶቹ የሆኑት የጥንት የኢራን ቋንቋዎች አልነበሯቸውም። እነ ታሚል ግን አሏቸው። በራሱ ውስጥ ያደገ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ነባሩ ሕዝብ አዲሱን ቋንቋ በራሱ አነጋገር ስለተናገረው ነው የሚለው ግን ለእኔ ይበልጥ ያሳምናል። ቃላትም አሉ። ሪግቬዳ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት ከኢንዶ-አውሮፓ ሥር የማይመነጩ ናቸው። ብዙዎቹ የእርሻና የዕፅዋት ናቸው። ማረሻን «ላንገለ» ይለዋል፤ ይህ የውሰት ቃል ነው። ይህም አይገርምም። ካሊባንጋን በተባለ ቦታ ሐረፓ ከመግነኗ በፊት የታረሰ ማሳ፣ ፈሩ ሳይጠፋ ተገኝቷል። አርቢው እንግዳ እርሻን ከገበሬው ተማረ፤ ስሙንም አብሮ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። ፋርሶች በ6ኛው መቶ ዘመን ዓ.ዓ. መጨረሻ ገደማ ገቡ። ታላቁ እስክንድር በ326 ዓ.ዓ. ጄህለም ዳር ከንጉሥ ፖረስ ጋር ተዋጋ፤ ቢያስ ላይ ሲደርስ ወታደሮቹ አንሄድም ብለው መለሱት። ከዚያ የባክትርያ ግሪኮች፣ ሳካዎች፣ ኩሻኖችና ሁኖች ተከተሉ። ብዙ ጎሳዎች ዘራቸውን ከእነዚህ ይቆጥራሉ። ጃቶች የሚባሉት የፑንጃብ ገበሬዎች የሳካ ዘር ናቸው የሚለውን በተለይ የቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች አስፋፍተውታል። እነዚህ ሁሉ ቃላትና ገንዘብ፣ ሥዕልና ሃይማኖት ጥለው አልፈዋል። የሕዝቡን ቋንቋ ግን የለወጠ የለም።

ለቋንቋው የልደት ቀን መስጠት አይቻልም። በግምት ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ፑንጃብኛ ብለን ልንጠራው የምንችለው መልክ ይዟል። በዚያው ዘመን ላሆር ከአፍጋኒስታን በኩል የመጡት የሙስሊም ነገሥታት፣ የጋዝናዊያን ከተማ ሆነች፤ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፋርስኛ ነበር። ፋርስኛና በእሱ በኩል ዐረብኛ በብዛት የገቡት ያኔ ነው። በ1318 ባለቅኔው አሚር ኹስራው የህንድን ቋንቋዎች ሲዘረዝር «ላሆሪ» የሚል አለበት። ከዚያ በፊትም በ13ኛው መቶ ዘመን የሱፊው ሼኽ ባባ ፈሪድ በዚህ ቋንቋ ገጥመዋል። በስማቸው የሚታወቁት ግጥሞች ተጠብቀው የቆዩት የት መሰለዎት? በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ። መጽሐፉን በ1604 ያሰባሰቡት የሲኮች መሪ ጉሩ አርጁን ናቸው። የሙስሊሙ ሼኽ ግጥም በየጉርድዋራው፣ ማለትም በየሲኮቹ ቤተ ጸሎት፣ ዛሬም ይዜማል። ባልደረቦችዎ ይህን ካላወቁ ይንገሯቸው።

ወደ ሁለቱ ፊደሎች ልመለስ። የአምሪትሳሩ የሚጽፍበት ጉርሙኪ ይባላል። ነጋዴዎች ለሒሳብ ከሚጠቀሙባቸው የአካባቢው ፊደሎች የወጣ ነው፤ ሥሩ የጥንቱ ብራህሚ ፊደል ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ያደራጁት ሁለተኛው የሲኮች መሪ ጉሩ አንገድ ናቸው። የላሆሩ የሚጽፍበት ሻህሙኪ ነው፤ የፋርስ ፊደል ነው። ሁለቱም ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። እንግሊዞች በ1849 ፑንጃብን ሲይዙ የቢሮው ቋንቋ ኡርዱ ሆነ። ፑንጃቦችንም በብዛት ለጦር መለመሉ። 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒር ጦር በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር ወደ አገራችን ዘምቷል፤ ኤፕሪል 10 ቀን በአሮጌ ሜዳ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተዋግቷል። ፑንጃብኛ በኢትዮጵያ ምድር ያን ጊዜ ተሰምቷል ማለት ነው።

በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ድንበሩ ፑንጃብን ለሁለት ከፈላት። በላሆርና በአምሪትሳር መካከል ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙስሊሙ ወደ ምዕራብ፣ ሲኩና ሂንዱው ወደ ምሥራቅ ተሰደደ። ፊደሎቹም አብረው ተለያዩ። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ፑንጃብኛ ይናገራል፤ ትምህርቱና ቢሮው ግን በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። ህንድ ውስጥ ተናጋሪው በ2011 ቆጠራ 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቁጥሩ ቢያንስም በ1966 በቋንቋ መሠረት በተዋቀረው የፑንጃብ ግዛት የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል፤ ሕፃናትም በጉርሙኪ ይማሩበታል።

ስለዚህ ሁለቱ እየተግባቡ አንዱ የሌላውን መልእክት ማንበብ አይችልም። ለዚህ መፍትሔ አለ። ፓቲያላ የሚገኘው ፑንጃቢ ዩኒቨርሲቲ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚለውጥ ፕሮግራም ሠርቷል። ከጉርሙኪ ወደ ሻህሙኪ መለወጡ ይቀላል። በተቃራኒው ሲሆን ይከብዳል፤ ሻህሙኪ አጫጭር አናባቢዎችን ስለማይጽፍ ፕሮግራሙ መገመት ይኖርበታል። ለስልክ መልእክት ግን በቂ ነው።